ከአጥር ማዶ ሦስት

ጣሳ ውስጥ የቆመ፣ ከጣቴ የቀጠነ እንጨት፣
ሦስት ቅጠል ይዞ፣ አራተኛው ግማሹ የተበላበት፣
ከጉለሌ መንገድ ዳር ገዝቼ በታክሲ አመጣሁት።
ረዳቱ «የሁለት ሰው ክፈል» አለኝ፤ ከፈልኩለት።

ሻጩን «ምን ይባላል?» ስለው፣ «ኔክታሪን» አለኝ ኮርቶ።
«እሱ ደግሞ ምንድን ነው?»
                    «ኮክ ነው፤ ፂሙን ተላጭቶ።»

ግቢዬ፣ ግቢ ከተባለ፣ አምስት እርምጃ በአራት ነው፤
ካዛንቺስ፣ ከዋናው መንገድ ጀርባ፣ አዲሱ ፎቅ ቁልቁል የሚያየው።
ፀሐይ አራት ሰዓት ላይ ትገባለች፣ እንደ ሥራ የበዛባት፤
ሰባት ሳይሞላ ትነሣለች፣
ከአጥር ማዶ፣ ይፍቱሥራ ጋ ነው ምሳዋ ያላት።

ሠላሳ ሁለት ዓመት የሰው ቆጣሪ ሳነብ ኖሬ
ጡረታ ስወጣ የማነበው አጣሁ። እናም በሃምሳ ሉክ ደብተሬ
«ሰኔ ፬፦ አምስት ቅጠል» ብዬ ጀመርኩ።
ውሃ በመጣ ሌሊት ተነሥቼ ከበርሜሉ በፊት እሱን አጠጣሁ፣
የፎቁ ሲሚንቶ ሲዘንብበት ቅጠሉን በእርጥብ ጨርቅ
አንድ በአንድ፣ እንደ መነጽር፣ ጠረግኩ፣ ወገቤ እስኪላቀቅ።

በሦስተኛው ዓመት አናቱ ከቆርቆሮው አጥር በላይ ዋለ፤
አበባ ግን የለም። ቅጠል ብቻ፣ እንደ ወሬ እየተቀጣጠለ።
«ወንድ ይሆናል» አለኝ መኪና አጣቢው፣ ባልዲ ውሃ ሲበደረኝ፤
ለጥቂት ቀን አመንኩት፣ ወንድነቱም አሳዘነኝ።

ከእርሻ ሚኒስቴር ጡረታ የወጣው ልኬለህ ነው የነገረኝ፦
«እንቅልፍ አጥቶ ነው። የአገሩ ብርድ ያስተኛዋል፤
የኛ ብርድ ያስነጥሳል እንጂ አያስተኛም።
ኅዳር ላይ ቅጠሉን በእጅህ ግፈፈው።
የተኛ ይመስለዋል።»

ገፈፍኩት።
አንዷ ቅጠል ስትላቀቅ የምታሰማው ድምፅ አለ፣
ቁልፍ ከሸሚዝ ሲበጠስ ያለ።
ራቁቱን ቆመ። ዐይኔን ከሱ አሸሸሁ።
ያኔ ነው ከአጥር ማዶ
በውሃ መስመር ከተጣላን ስድስት ዓመት ያላናገረችኝ ይፍቱሥራ
«ምን በደለህ?» ያለችው።
መልስ አልሰጠሁም። እኔን ይሁን ዛፉን እንደጠየቀች አላወቅሁም።

«ጥር ፲፪፦ አርባ አንድ አበባ።»
ሁለቴ ቆጠርኩ፤ ሮዝ፣ ሊያፍር እንደጀመረ ጉንጭ።
«የካቲት ፳፦ አሥራ አንድ ፍሬ።»
መጋቢት ላይ በረዶ ወረደ፣ ቆርቆሮው ሁሉ ጮኸ፤
በማግሥቱ ከጭቃው ስምንት ለቀምኩ፣ ከአዝራር የማይበልጡ።
የቀሩት ሦስት፦ ሦስቱም በአንድ ቅርንጫፍ፣
ፀሐይዋን ተከትሎ አጥሩን በተሻገረው።

ቆጣሪው በስሜ፣ ንባቡ በሰው ግቢ።
ሠላሳ ሁለት ዓመት በር አንኳኩቼ የሰው ያነበብኩ ሰውዬ
የራሴን ለማንበብ ማንኳኳት ከበደኝ።
በርሜሉ ላይ ወጣሁ፣ በዚህ ጉልበት!
በየማለዳው አንገቴን አስግጌ፦
አረንጓዴ። አረንጓዴ። በአንድ ጎኑ ቢጫ።
ከዚያ ቀይ፣ ለስላሳ፣ የተወለወለ ጫማ የመሰለ።

አንድ ቅዳሜ ወጣሁ፤ ቅርንጫፉ ባዶ።
ያን ቀን ለይፍቱሥራ ያዘጋጀሁትን ንግግር
እግዜር ከሰማ ይቅር ይበለኝ።

ወደ አሥር ሰዓት ላይ ፌስታል በአጥሩ ላይ ተንጠለጠለ።
ውስጡ ሁለት ዘር፣ ታጥበው የደረቁ፣ እና አንድ ሙሉ ፍሬ።
ድምፅዋ ከኋላው መጣ፦
«ሁለቱን ቀምሼልሃለሁ። ሦስተኛው ይበልጣል።»
«በምን አወቅሽ?» አልኳት፤ ከስድስት ዓመት በኋላ
የመጀመሪያው ቃሌ ይኸው ነው።
«ከላይ ነበር» አለችኝ፤ «ብዙ ፀሐይ ያየ እሱ ነው።»

ቆሜ በላሁት። ጭማቂው በክርኔ ወረደ፣
ጣፋጭ፣ መጨረሻው ላይ ትንሽ የሚቆጣ።
ደብተሬን ከፍቼ «ግንቦት ፱፦» አልኩ፤
አንድ ልበል ወይስ ሦስት ስል እጄ ገጹ ላይ ቆየ።
ያ ገጽ ከፊተኛው ጋር ተጣብቋል።
እስከ ዛሬ አላላቀቅኳቸውም።